የተበተኑ ገጾች፦ በጅማ የአንድ ትምህርት ቤት መጻሕፍት ጥገና ማስታወሻ

መስከረም፣ የመጨረሻው ሳምንት

የንባብ ክበቡን ኃላፊነት ስረከብ ከመዝገቡ ጋር የመጋዘኑን ቁልፍም ተረክቤአለሁ። በመጋዘኑ ውስጥ በካርቶንና በማዳበሪያ ከረጢት የተጠራቀሙ መጻሕፍት አሉ፤ የሚበዙት ያለፉት ዓመታት የአማርኛ መማሪያ መጻሕፍት፣ የተረት መጻሕፍትና በየጊዜው በስጦታ የገቡ ልብ ወለዶች ናቸው። ከጥቂቶቹ በቀር ተማሪ እጅ ላይ ሊውሉ የሚችሉ አይደሉም። ሽፋናቸው ወልቋል፤ ጀርባቸው ተሰንጥቋል፤ የስቴፕለር ሽቦአቸው ዝጎ ወረቀቱን ቡናማ አድርጎታል፤ ከሥር የነበሩት ደግሞ በክረምቱ እርጥበት ሻግተዋል። ከንብረት መዝገብ ተሰርዘው እንዲወገዱ ታስቦ እንደነበር ርዕሰ መምህሩ ነገሩኝ። እስከ መጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ማብቂያ እንዲያቆዩልኝ ጠየቅኋቸው፤ እሳቸውም ፈቀዱ።

የማስተምረው አማርኛ ሲሆን ክፍሎቼ አምስተኛና ስድስተኛ ናቸው። ትምህርት ቤታችን በፈረቃ ስለሚሠራ፣ በጠዋት ፈረቃ ሳምንት ከሰዓቱን፣ በከሰዓት ፈረቃ ሳምንት ደግሞ ጠዋቱን ለጥገናው አውላለሁ። የትምህርት ዕቅድ ማዘጋጀቱም ደብተር ማረሙም እንዳለ ስለሆነ ለዚህ ሥራ የሚደርሰው ከእነዚያ የተረፈው ሰዓት ብቻ ነው።

መጻሕፍቱን በርዕስ ሳይሆን በጉዳታቸው ዓይነት ለየኋቸው። የሻገቱት ለብቻ፣ በሽቦ የተያያዙት ስስ መጻሕፍት ለብቻ፣ በሙጫ ብቻ የተጠረዙት ወፍራሞቹ ለብቻ፣ ገጽ የጎደላቸው ለብቻ ተቀመጡ። በዚህ መሐል ከጥገናው በላይ ሐሳቤን የያዘ ነገር አየሁ። የመማሪያ መጻሕፍቱ ያረጁት በሁሉም ገጽ እኩል አይደለም። ተረትና እንቆቅልሽ ያለባቸው ገጾች ጠርዛቸው በጣት ወዝ ጠቁሯል፤ ማዕዘናቸው ተጣጥፏል፤ አንዳንዶቹም ጭራሽ የሉም። የሰዋስው ገጾች ግን ከማተሚያ ቤት እንደወጡ ናቸው። የልብ ወለዶቹ ነገር ደግሞ ከዚህ ይለያል፤ የጣት ወዙ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ይሄድና ጀርባው የተሰነጠቀበት ቦታ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ያለው ወረቀት ንጹሕ ነው። ይህን በአንድ መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በብዙዎቹ ላይ አይቼዋለሁ። አንባቢው ያቆመው ታሪኩ ስለሰለቸው ሳይሆን መጽሐፉ እጁ ላይ ስለተበተነበት ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ግምቴ ትክክል መሆኑን ማወቅ የሚቻለው ግን መጻሕፍቱ ተጠግነው እንደገና ሲነበቡ ነው።

ጥቅምት፣ የመጀመሪያው አጋማሽ

ሥራው የተጀመረው ከሻገቱት ነው፤ እነርሱ ሳይጸዱ ከሌሎቹ ጋር መቀመጥ የለባቸውምና። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ በዓመትም ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። ዝናቡ ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረምና ጥቅምት ስለሚዘልቅ መስኮት የሌለው መጋዘን ወራቱን ሁሉ እንደረጠበ ይከርማል። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ65 እስከ 70 በመቶ ካለው መጠን በላይ ሆኖ ሲቆይ ሻጋታ ወረቀቱንም፣ ጀርባው ላይ ያለውን ሙጫም፣ የሽፋኑን ጨርቅም መመገብ ይጀምራል።

ሻጋታን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ዘሩን ወደ ወረቀቱ ውስጥ ማስገባት ነው፤ ስለዚህ መድረቅ ይቀድማል። ዝናቡ ፋታ በሰጠባቸው ቀናት መጻሕፍቱን በረንዳው ላይ፣ ጥላ ባለበትና ነፋስ በሚያገኛቸው ቦታ፣ ገጻቸውን ከፋፍቼ አቆምኋቸው። ሻጋታው ደርቆ ዱቄት ሲመስል አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ ፊቴን ከነፋሱ አዙሬ፣ ለስላሳ በሆነ የቀለም ቡርሽ ገጽ በገጽ ከውስጥ ወደ ውጭ ጠረግሁት። ፀሐይ ሻጋታውን ብታዳክምም ወረቀቱንም ስለምታስቢጨው፣ ፀሐይ ላይ ያቆየኋቸው ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው። ነጠብጣቡ አይለቅም፤ ፊደሉ እስከተነበበ ድረስ ግን ነጠብጣቡ አያሳስበኝም። ገጾቻቸው እርስ በርስ ተጣብቀው አልላቀቅ ያሉት ጥቂቶቹ ተለይተው ይወገዳሉ።

መደርደሪያውም ከግድግዳው አንድ እጅ ያህል ተገፍቶ እግሮቹ በጡብ ላይ ቆመዋል። ይህ ካልተደረገ የሚመጣው ክረምት ሥራውን ሁሉ ይመልሰዋል።

ጥቅምት፣ ሁለተኛው አጋማሽ

ይህን ሳምንት ያዋልሁት ሙጫ በመፈተሽ ነው። ሁለት ዓይነት መረጥሁ፤ አንዱ በቤት የሚሠራ የፉርኖ ዱቄት ሙጫ፣ ሌላው አናጢዎች የሚጠቀሙበት ነጭ ኮላ ነው።

የዱቄቱን ሙጫ ለመሥራት አንድ እጅ ዱቄት በአምስት እጅ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጦ፣ በለሰለሰ እሳት ላይ ሳያቋርጡ ማማሰል ያስፈልጋል። ነጭነቱ እየለቀቀ እንደ አጥሚት ሲወፍርና ማንኪያው ላይ ሲያብለጨልጭ ይወርዳል፤ ከዚያም በስስ ሻሽ ይጠለላል። በውኃ ስለሚለቅ የተሳሳተ ነገር ለማረም ይመቻል፤ ወረቀቱንም አይጎዳም። ጉድለቱ ሲደርቅ መግረሩ፣ በረሮና ሌሎች ነፍሳትን መጋበዙ፣ በእኛ አየር ደግሞ ቶሎ መኮምጠጡ ነው። ነጩ ኮላ ግን ከደረቀ በኋላም ይተጣጠፋል፤ መጽሐፍ በተከፈተ ቁጥር ጀርባው ስለሚታጠፍም ለዚያ ቦታ የሚሆነው እሱ ነው። ስለዚህ የተቀደደ ገጽ በዱቄት ሙጫ፣ የመጽሐፍ ጀርባ በነጭ ኮላ እንዲሆን ወስኛለሁ።

ለተቀደደው ገጽ ማጠናከሪያ ያገኘሁት ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚወጣውን ስስ ነጭ ወረቀት ነው። በምላጭ ከተቆረጠ ይልቅ በእጅ ቀስ ተብሎ የተቀደደው ጠርዙ ጭረት ጭረት ስለሚሆን ገጹ ላይ ሲለጠፍ ድንበሩ አይታወቅም፤ ከሥሩ ያለው ፊደልም ይነበባል። ለዘመናት የሚቆይ ወረቀት አይደለም፤ ለመማሪያ መጽሐፍ ግን ይበቃል።

በየቤቱና በየቢሮው ለዚህ ሥራ የሚውለውን ግልጽ ፕላስተር ግን ማንም መጽሐፍ ላይ ባይለጥፈው እመኛለሁ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቢጫ ይሆናል፤ ሙጫው በጠርዙ ወጥቶ ቀጣዩን ገጽ ይይዛል፤ ሲላቀቅም ፊደሉን ይዞ ይነሣል። ከመጋዘኑ መጻሕፍት መካከል ክፉኛ ተጎድተው ያገኘኋቸው ማንም ያልጠገናቸው ሳይሆኑ በፕላስተር የተጠገኑት ናቸው።

ኅዳር፣ የመጀመሪያው አጋማሽ

ወፍራም መጽሐፍ ለመጠረዝ ገጾቹን አጥብቆ የሚይዝ መጭመቂያ ያስፈልጋል። በጅማ መኖሬ የጠቀመኝ እዚህ ላይ ነው፤ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈሉት የጅማ በርጩማዎች በአገሩ ሁሉ የታወቁ ናቸው፤ የእንጨት ሥራ የሚያውቅ ሰውም በየሰፈሩ አይጠፋም። ሐሙስ ገበያ ቀን ወደ መርካቶ ስወርድ መንገድ ዳር ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አናጢ ጎራ ብዬ ሁለት ሳንቃና ሁለት ረጃጅም ብሎን እንደምፈልግ ነገርኋቸው።

«ምን ልትሠሪበት ነው ልጄ?» አሉኝ።

«የተበተነ መጽሐፍ ልጠርዝበት ነው አባባ።»

«እንግዲያው ትልቁን መጽሐፍ ይዘሽልኝ ነዪ፤ ሳላየው አልለካም።»

መጽሐፉን ስወስድላቸው በስንዝራቸው ለኩት፤ ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ከዚያም ካሰብሁት ወርድ ያነሰ ሳንቃ መረጡ። ሳንቃው ሲጠብ ጉልበቱ ጀርባው አጠገብ ያርፋል አሉ፤ እንዳሉትም ሆኖ አግኝቼዋለሁ። እንጨቱ ዋንዛ ነው። ቀላል ነው፤ ለመላጊያ አያስቸግርም፤ ከደረቀ በኋላም በቀላሉ አይጣመምም። የብራና መጻሕፍት የእንጨት ገበታ ከሚሠራባቸው ዛፎች አንዱ ዋንዛ መሆኑን ነገርኋቸው። የብራና መጽሐፍ ጥራዞቹ እርስ በርስና ከገበታው ጋር በክር የተሰፉ ስለሆኑ ሙጫ ባይኖረውም ይቆማል፤ በመቶ ዓመታት የሚቆጠር ዕድሜ ያላቸው ብራናዎች ዛሬም የሚገለጡት በዚህ ምክንያት ነው። አናጢው ይህን ሰምተው የሳንቃዎቹን የውስጥ ፊት እንደገና ላጉት። ጠርዙንም ወረቀት እንዳይቆርጥ አደንዝዘው፣ የእጅ ዋጋቸውን ቀንሰው ሰጡኝ።

ኅዳር፣ ሁለተኛው አጋማሽ

ዝናቡ ቆሟል፤ ሥራውም ፈጥኗል። በዚህ ሰሞን የተያዙት በሽቦ የተያያዙት ስስ መጻሕፍት ናቸው። የዛገው ሽቦ ሲጎተት ወረቀቱን ስለሚቀድ፣ መጀመሪያ ከውስጥ የታጠፉት ሁለት ጫፎች በቢላ ጫፍ ይቃናሉ፤ ከዚያ ከውጭ በኩል ቀስ ተብሎ ይወጣል። በሽቦው ምትክ የሚገባው ክር ነው።

የክሩ አሰፋፍ ቀላል ነው። መጽሐፉ መሐሉ ላይ ተከፍቶ በእጥፋቱ ላይ ሦስት ቀዳዳ በወስፌ ይበሳል፤ ትልልቆቹ አምስት ያስፈልጋቸዋል። ቀዳዳው ጎዶሎ ቁጥር መሆኑ ክሩ በመሐለኛው ገብቶ በመሐለኛው እንዲወጣ ያስችላል። የክሩ ርዝመት የመጽሐፉ ቁመት ሁለት ዕጥፍ ተኩል ያህል ይሆናል። መርፌው በመሐለኛው ቀዳዳ ከውስጥ ወደ ውጭ ይወጣል፤ በላይኛው ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ መሐለኛውን አልፎ በታችኛው ወደ ውጭ ይወጣል፤ በመጨረሻም በመሐለኛው ወደ ውስጥ ይገባል። ሁለቱ ጫፎች በረጅሙ ስፌት ግራና ቀኝ ሆነው በላዩ ላይ ይቋጠራሉ። ክሩ መሳብ ያለበት በእጥፋቱ አቅጣጫ ነው፤ ወደ ላይ ከተሳበ ወረቀቱን ይሸረክታል።

ክሩ ሰም መቀባት አለበት። ጠጅ ከሚጥሉ ጎረቤቴ ሰፈፍ ለምኜ፣ በሙቅ ውኃ አቅልጬ በሻሽ አጠለልሁትና ሲቀዘቅዝ ከላይ የረጋውን ሰም ወሰድሁ። ክሩ በሰሙ ላይ በአውራ ጣት ተይዞ አንድ ሁለት ጊዜ ሲሳብ ይጠነክራል፤ አይወሳሰብም፤ ቋጠሮውም አይፈታም። ሰሙ የማር ሽታውን ስላልለቀቀ የተሰፉት መጻሕፍት ሲገለጡ ማር ማር ይላሉ፤ ተማሪዎቹም መጽሐፉን ከማንበባቸው በፊት ያሸቱታል።

ከክበቡ አባላት የስድስተኛ ክፍል ልጆች ከፈረቃቸው በኋላ እየቆዩ ያግዙኛል። ስፌቱን ቶሎ የያዙት የሣር ስፌት ከእናቶቻቸው ጋር የሰፉት ልጆች ናቸው፤ ወስፌ ለእነርሱ እንግዳ አይደለምና። አንዷ ተማሪ ሰፍታ የጨረሰችውን የተረት መጽሐፍ እዚያው ቁጭ ብላ አንብባ ከጨረሰችው በኋላ «ቲቸር፣ ይኼን ማን ይወስደዋል?» ብላ ጠየቀችኝ። መጀመሪያ የሰፋው ይወስዳል አልኋት። ከዚያ ቀን ወዲህ የክበባችን ደንብ ይኸው ሆኗል።

ታኅሣሥ፣ የመጀመሪያው አጋማሽ

ተራው የወፍራሞቹ ልብ ወለዶች ነው። በሙጫ ብቻ የተጠረዘ መጽሐፍ ጀርባው ላይ እያንዳንዱ ቅጠል ለየብቻው በሙጫው ጠርዝ ተይዞ ነው የሚኖረው፤ ሙጫው ሲደርቅና ሲሰነጠቅ የሚይዘው ነገር የለም። ጥገናው የሚጀምረው አሮጌውን ሙጫ ልጦ ጀርባውን በመግለጥ ነው። ከዚያ ገጾቹ ተስተካክለው በመጭመቂያው ውስጥ ጀርባቸው ወደ ላይ ሆኖ ይገባሉ። ከሳንቃው በላይ የወጣው ክፍል ወደ አንድ ጎን ጎንበስ ተደርጎ የእያንዳንዱ ቅጠል ጠርዝ ጥቂት ሲገለጥ ኮላ ይቀባል፤ ወደ ሌላው ጎን ተደርጎም ይደገማል። በዚህ መንገድ ኮላው በጠርዙ ላይ ብቻ ሳይሆን በቅጠልና በቅጠል መካከልም በጣም ስስ ሆኖ ስለሚገባ እያንዳንዱ ገጽ ከጎረቤቶቹ ጋር ይያያዛል። በላዩ የአቡጀዲ ቁራጭ ተለጥፎ፣ ብሎኑ ጠብቆ፣ እስከ ማግሥቱ ይቆያል።

ለሽፋን የሚሆነው ካርቶን ከመቆረጡ በፊት በሁለቱም አቅጣጫ ታጥፎ መታየት አለበት። በቀላሉ የሚታጠፍበት አቅጣጫ የጭረቱ፣ ማለትም የካርቶኑ ቃጫዎች የተኙበት፣ አቅጣጫ ነውና፣ ያ አቅጣጫ ከመጽሐፉ ቁመት ጋር መግጠም ይኖርበታል፤ ካልገጠመ ሽፋኑ ሙጫ ሲነካው ይቆለመማል።

ከእነዚህ መካከል ለመምህራን ክፍል የተሰጠ አንድ የፍቅር እስከ መቃብር ቅጂ ነበር። የሐዲስ አለማየሁ ይህ መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. የታተመ፣ ከአምስት መቶ ገጽ በላይ የሆነ ትልቅ ሥራ ነው፤ በሙጫ ብቻ የተጠረዘ ቅጂ ይህን ክብደት ብዙ አይሸከምም። የእኛም ቅጂ ተሰንጥቆ የነበረው ገና ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ላይ ነው። የጣት ወዙ ስለ ቦጋለ መብራቱና ስለ ውድነሽ በጣሙ በሚተርከው ክፍል ላይ በርክቶ፣ በዛብህ ከፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሳይደርስ ይቆማል። እዚያ ያቆሙት አንባቢዎች ሰብለ ወንጌልን ሳያውቋት ቀርተዋል ማለት ነው፤ ይህም ከልቤ አሳዘነኝ።

መጽሐፉን ጠርዤ ካደረቅሁት በኋላ ወደ ኪራይ ቤቴ ወሰድሁት። ማታ ደብተር አርሜ፣ የነገውን ዕቅድ አዘጋጅቼ ስጨርስ አነበዋለሁ፤ መብራት በሚጠፋባቸው ምሽቶች ደግሞ በሻማ እቀጥላለሁ። ለማስተማር ሳይሆን ለራሴ ደስታ የማነብባቸው እነዚህ ሰዓቶች ለሥራዬም አስፈላጊ መሆናቸውን አምናለሁ፤ ራሱ የማያነብ መምህር ተማሪውን አንብብ ሊለው አይችልም። ተማሪ ሳለሁ ያነበብሁት ስለ ፍቅሩ ነበር። አሁን ግን ያቆየኝ በዛብህ ሰብለን ሲያስተምር የተጻፈው ነው፤ የአስተማሪ ፍርሃት፣ ለተማሪ መጠንቀቅና በሰው ቤት ሥርዓት ውስጥ ሆኖ ማስተማር ምን እንደሚመስል ያሳያል። በትምህርት ቤታችን ረጅም ዘመን ያገለገሉ አንዲት መምህርት መጽሐፉን መጀመሪያ የሰሙት ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው እንደነበር፣ በመጽሐፍነቱ ግን ጨርሰውት እንደማያውቁ አጫወቱኝ። ቀጣዩ ተራ የእሳቸው ሆኗል።

ታኅሣሥ፣ ሁለተኛው አጋማሽ

የቀረኝ ከባዱ ነገር የጎደሉት ገጾች ነበሩ። አስቀድሜ እንደጻፍሁት ከመማሪያ መጻሕፍቱ ተቀድደው የጠፉት በብዛት ተረት ያለባቸው ገጾች ናቸው። ፎቶ ኮፒ ማስነሣት ይቻል ነበር፤ ግን በክበቡ ውስጥ ቁም ጽሕፈት የሚወዱ ልጆች ስላሉ በእጅ ይጻፍ አልሁ። ሙሉ ቅጂ ከሌላ ትምህርት ቤት ተውሼ አመጣሁ። ገጹን በመስመር አስምረን፣ ስንት መስመርና በየመስመሩ ስንት ቃል እንደሚይዝ ቆጥረን፣ ጽሑፉ ከሚቀጥለው የታተመ ገጽ ጋር እንዲገጥም አደረግን።

ሲጽፉ አጠገባቸው ተቀምጬ አይቻለሁ። ሲያነቡ የሚዘልሉትን አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝ ሲገለብጡ መዝለል አይችሉም። «ሰ» እና «ሠ»፣ «ሐ» እና «ኀ» የትኛው የት እንደሚገባ ከመጽሐፉ እያዩ ይጽፋሉ፤ በክፍል ውስጥ ደጋግሜ ያስተማርሁት የሆሄያት አጠቃቀም በእጃቸው ሲያልፍ እንደሚቀመጥላቸው አየሁ። አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ አንድን ተረት ገልብጦ ከጨረሰ በኋላ በሚቀጥለው ቀን ሰልፍ ላይ፣ በሚኒ ሚዲያው፣ ወረቀት ሳይዝ ተረከው።

የተጻፉት ገጾች በጠርዛቸው ትርፍ ይተውላቸዋል፤ ያም በአጠገባቸው ካለው ገጽ ጋር በስስ ኮላ ይያያዛል። ጸሐፊው ስሙን በገጹ ግርጌ በትንሹ እንዲያኖር ፈቅደናል፤ የብራና ጸሐፍትም በመጽሐፋቸው መጨረሻ ስማቸውን አስፍረው ጸሎት ይለምኑ ነበርና።

ጥር፣ የመንፈቀ ዓመቱ ማብቂያ

የተጠገኑት መጻሕፍት ከገና በኋላ በውሰት መውጣት ጀምረዋል። በውሰት መዝገቡ ላይ «እስከ ስንት ገጽ ተነበበ» የሚል ዓምድ ጨምሬአለሁ፤ ተማሪው መጽሐፉን ሲመልስ በራሱ እጅ ይሞላዋል፤ ያነበበውንም በአጭሩ ይነግረኛል። ብዙዎቹ ልብ ወለዶች ቀድሞ ከተሰነጠቁበት ገጽ አልፈው ተነብበዋል፤ አንዳንዶቹም ተጨርሰዋል። መምህርቷም ከሰብለ ወንጌል ጋር ተዋውቀዋል፤ መጽሐፉን ለመመለስ ተጨማሪ ሳምንት ጠይቀውኛል።

ከግምቴ ጋር የማይሄድ አንድ ነገር ግን በመዝገቡ ላይ አለ። ጀርባው ጤነኛ፣ ስፌቱም ጠንካራ የሆነ አንድ የታሪክ መጽሐፍ ወስደው ከመለሱት ልጆች አብዛኞቹ ያቆሙት እዚያው አንድ ምዕራፍ ላይ ነው። ምዕራፉን ራሴ አነበብሁት። አረፍተ ነገሮቹ ረጃጅም ናቸው፤ በየመሐሉም የጥንት የማዕረግ ስሞች ያለ ማብራሪያ ተደርድረዋል። ይህን ክርና ኮላ አያቃናውም። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት የመጀመሪያ የክበብ ስብሰባ ምዕራፉን ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ፤ ደጃዝማች፣ ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማችና ግራዝማች በጦር ሜዳ የት የት ይሰለፉ እንደነበር በሰሌዳው ላይ እስልላቸዋለሁ፤ ከዚያም መጽሐፉ ከዚያው ገጽ ጀምሮ እንደገና ይወጣል። በዚያው ሳምንት የሳይንስ መምህሩ ያመጡልኝን በሽቦ የተያያዙ መጻሕፍት መፍታት እጀምራለሁ፤ ሰሙ ስላለቀም ሰፈፍ እንደገና መለመን አለብኝ።